ቅኔ ማኅሌቱ የሉተራውያን፣ መቅደሱ የካቶሊኮች

ከድሬስደን በባቡር ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ሲኬድ ባውትሰን የምትባል አሮጌ ከተማ ትገኛለች። በዛክሰን ግዛት ኦክቶበር 31 የሉተር ተሐድሶ የሚታሰብበት በዓል በመሆኑ መሥሪያ ቤት ሁሉ ዝግ ነው፤ እኔም ዕረፍቱን ተጠቅሜ የከተማዋን የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ለማየት ሄድኩ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ነበርና አያቴ በሕይወት ቢኖሩ የሉተርን ነገር ትተው «ማርያም ናት» ይሉኝ ነበር።

ካቴድራሉ ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የጀርመን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሁለት ነገሮች ዓይን ይስባሉ። አንደኛው ሕንጻው ቀጥ ያለ አለመሆኑ ነው፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ እንደሚታጠፍ ክንድ መሐሉ ላይ ትንሽ ይጎብጣል። ሁለተኛው፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ፣ ወገብ የሚደርስ ፍርግርግ መኖሩ ነው። ከፍርግርጉ ወዲህ አግዳሚ ወንበር፣ መሠዊያና ኦርጋን አለ፤ ከፍርግርጉ ወዲያም እንደገና አግዳሚ ወንበር፣ መሠዊያና ሌላ ኦርጋን አለ። አንድ ጣሪያ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ይዟል። ከ1524 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የከተማው ሕዝብ ወደ ሉተር ትምህርት ሲያዘነብል የካቴድራሉ የካህናት ጉባኤ በካቶሊክነቱ ጸና፤ አንዱ ሌላውን ማስወጣት ስላልቻለም ሕንጻውን ተካፈሉት። በእኛ አገር አነጋገር ቅኔ ማኅሌቱን ሉተራውያን ወሰዱ፣ መቅደሱ ለካቶሊኮች ቀረ። ሰዓት ተከፋፍለው አምስት መቶ ዓመት ኖረዋል። ፍርግርጉ ድሮ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ እንደነበረና የዛሬውን ቁመት የያዘው ባለፈው ክፍለ ዘመን እንደሆነ በጉብኝቱ ላይ ነገሩን።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ሉተር ብቻ አልነበረም። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ የምላቸው፣ በወጣትነታቸው በመምህርነት ወለጋ ተመድበው ሳለ የሉተራን ወገን የሆነችው መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ቤተሰቡ ይህን የሰማ ዕለት ለቅሶ ይመስል ነበር ትለኛለች እናቴ። በሰፈራችን አነጋገር «ጴንጤ ሆኑ»፤ ቁጡዎቹ ደግሞ «ጸረ ማርያም» አሏቸው። አያቴ ሲያርፉ አስከሬኑ ወደ ደብሩ ገባ፤ ጋሼ ግን የበኩር ልጅ ሆነው ሳለ ከዘመድ ወገን አንዳንዶች «አንተ እዚህ ምን አለህ» ስላሏቸው፣ ጠብ እንዳይነሳ ብለው ከድንጋዩ ካብ ውጭ ቆሙ። እኔ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እጃቸውን ይዤ አብሬያቸው ቆሜያለሁ። ከካቡ በላይ የሚታየን የዛፎቹ ጫፍና የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቻ ነበር።

በልጅነቴ የነበረኝ ካርታ ቀላል ነበር፦ ኦርቶዶክስ አለ፣ ካቶሊክ አለ፣ ጴንጤ አለ። ሦስቱም የተለያዩ ሃይማኖቶች ናቸው፤ ጋሼም ከመጀመሪያው ወጥተው ሦስተኛው ውስጥ ገብተዋል። ጀርመን ከመጣሁ በኋላ ይህ ካርታ ተቀደደብኝ። የመጀመሪያው መቀደድ የደረሰው በነዋሪነት ስመዘገብ ነው። ቅጹ ሃይማኖት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም መንግሥት ለቤተ ክርስቲያናቱ ግብር ይሰበስብላቸዋል፣ ግብሩም በዛክሰን ከገቢ ግብር ላይ 9 በመቶ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጁ ክርስትና ስትነሳ ጠርቶኝ የሄድኩ ጊዜ ነው። ካህኑ ለብሰው ወጡ፣ ሻማ በራ፣ መስቀሉ ላይ የጌታ ሥዕል አለ፣ ሕፃኗ ተጠመቀች፣ የሃይማኖት ጸሎት ተደገመ፣ ኅብስትና ወይን ቀረበ። ስንወጣ «የካቶሊክ ሥርዓት ደስ ይላል» አልኩት። «ይህ እኮ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ጴንጤ ስል የማስበው ጭብጨባው፣ ጊታሩና በልሳን መጸለዩ እዚያ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት፤ ካነበብኩት ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። ሉተራንነት ከካቶሊክ ወጥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረ አዲስ ሃይማኖት ሆኖ አልተጀመረም፤ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ካቶሊክ መነኩሴ የተነሣ የቤት ውስጥ ክርክር ነበር። እስከ ዛሬም ከብዙዎቹ የፕሮቴስታንት ስም ከያዙ ቤቶች ይልቅ ለሮም የሚቀርብበት ቦታ ብዙ ነው።

ወደ ኋላ ልመለስ። ቤተ ክርስቲያን መከፋፈል የጀመረችው በሉተር ዘመን አይደለም። በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የንስጥሮስ ነገር በፋርስ የነበረችውን የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ለየ። በ451 በኬልቄዶን እኛ የምንገኝበት የእስክንድርያ ወገን፣ ሶርያውያንና በኋላም አርመናውያን «ሁለት ባሕርይ» የሚለውን ውሳኔ ሳይቀበሉ ቀሩ። በአገራችን መጻሕፍት ስሙ በበጎ የማይነሣው የሮሙ ልዮን ጦማሩን (ደብዳቤውን) የላከው ለዚህ ነገር ነበር፤ ጦማር ዛሬ እንደዚህ ላለ ጽሑፍ መጠሪያ ሆኖ ሳየው አንዳንዴ ፈገግ እላለሁ። በ1054 ደግሞ ሮምና ቁስጥንጥንያ ተወጋገዙ። በእያንዳንዱ መለያየት ውስጥ የሥነ መለኮት ቃል አለ፤ ከቃሉ በስተጀርባ የቋንቋ አለመግባባት፣ የመንበር ቀዳሚነት ጥያቄና የነገሥታት እጅ አለ። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ክፍፍል የተለየ የሚሆነው ሁሉም በአንድ የላቲን ቤት ውስጥ ከመሆኑም በላይ፣ ማተሚያ ቤት የሚባል አዲስ ነገር ወሬውን በሳምንታት ውስጥ አገር ላገር ስላዞረው ነው።

የነገሩ መነሻ ገንዘብ ነው ማለት ያቃልለዋል፤ ገንዘብ የለበትም ማለትም ሐሰት ነው። የብራንደንቡርጉ አልብሬክት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ የማግደቡርግ ሊቀ ጳጳስ ነበረ፤ በ1514 የማይንትስን መንበር ደረበበት። በአንድ ራስ ላይ ይህን ያህል መንበር ለመደራረብ የሮም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። አልብሬክት ከአውግስቡርጉ የፉገር ባንክ ተበደረ፤ ዕዳውን እንዲከፍል ደግሞ ፖፕ ሊዮ 10ኛ በግዛቱ ኢንደልጀንስ የሚባለው የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ እንዲሰበክ ፈቀዱለት። ከሚሰበሰበው እኩሌታው ለሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ሕንጻ ሥራ፣ እኩሌታው ለባንኩ ነበር። ኢንደልጀንስ ለእኛ ሰው በቀላሉ የሚገባው በቀኖና በኩል ይመስለኛል። ኃጢአተኛ ተናዞ ከተፈታ በኋላ የንስሐ አባቱ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት ያዙታል፤ ያ ቀኖና ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዓለም ያልተፈጸመ ቀኖና ከሞት በኋላ በመንጻት ስፍራ ይፈጸማል፣ የቅዱሳን ትሩፋት ግን ሊያቀልለው ይችላል ብላ ታስተምራለች። ይህ ትምህርት በዶሚኒካኑ ሰባኪ በዮሐን ቴትዝል አፍ ሲወጣ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሞቱ ወላጆችን ማስፈታት መሰለ።

ማርቲን ሉተር በዚያን ጊዜ የዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የአውግስጢኖሳውያን ማኅበር መነኩሴና ቄስ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ እንደተሳለው ሥዕል ሁሉ መዶሻ ይዞ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይምታ አይምታ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የማያከራክረው ግን ኦክቶበር 31 ቀን 1517 ለራሱ ለአልብሬክት በአክብሮት የተሞላ ደብዳቤ ጽፎ 95ቱን አንቀጾች አባሪ ማድረጉ ነው። በሌላ አነጋገር ለበላይ አለቃ የቀረበ አቤቱታ ነበር። የመጀመሪያው አንቀጽ ጌታ «ንስሐ ግቡ» ሲል የአማኝ ሕይወት ሁሉ ንስሐ እንዲሆን ፈልጎ ነው የሚል ነው፤ ይህን አያቴ ቢሰሙት ማን እንዳለው ሳይጠይቁ «እውነት ነው» ይሉ ነበር። 71ኛው አንቀጽ ደግሞ የሐዋርያዊውን መንበር ኢንደልጀንስ እውነትነት ተቃውሞ የሚናገር የተወገዘ ይሁን ይላል። አመፀኛው ሉተር ገና አልተወለደም ነበር።

አመፁ የመጣው በመልሱ ነው። ቴትዝል ለሚሰብከው ነገር ማረሚያ ሲጠብቅ፣ የመጣለት ጥያቄ «የፖፑን ሥልጣን ትቀበላለህ ወይስ አትቀበልም?» የሚል ሆነ። በ1519 በላይፕሲግ ክርክር ዮሐን ኤክ የተባለው ሊቅ ወደዚህ ገፋው፤ ሉተርም የግሪክ ክርስቲያኖች ከሮም በታች ሳይሆኑ ስንት ቅዱሳን አፍርተዋል ሲል መለሰ። በጁን 1520 ማስጠንቀቂያው ከሮም ወጣ፤ በዲሴምበር ሉተር ከዊተንበርግ በር ውጭ በእሳት አቃጠለው፤ በጃንዋሪ 1521 ተወገዘ፤ በኤፕሪል በዎርምስ ጉባኤ በንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ ፊት መጻሕፍቱን አልክድም አለ። ይህን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የያዘኝ ብዙ ሰው የማያነሣው ዝርዝር ነው፦ ከተወገዘ በኋላ እንኳ ከሦስት ዓመት በላይ የምንኩስና ልብሱን አላወለቀም። ያወለቀው በ1524 ኦክቶበር ነው፤ ባውትሰን ላይ ሕንጻው በተከፈለበት ዓመት። ተከታዮቹ በስሙ መጠራታቸውንም አልወደደም፤ እኔ ለማንም አልተሰቀልኩም ብሎ ጽፏል። ስሙ ግን ቀረ።

በ1530 አውግስቡርግ ላይ ፊሊፕ ሜላንክቶን ያዘጋጀው 28 አንቀጽ ያለው የእምነት መግለጫ ለንጉሠ ነገሥቱ ተነበበ። ሉተራንነትን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሉተር ቁጡ ጽሑፎች ይልቅ ይህን ሰነድ ቢያነብ ይሻለዋል ባይ ነኝ። የሰነዱ ቃና «እኛ አዲስ ነገር አላመጣንም» የሚል ነው። ሕፃናት ይጠመቃሉ ይላል። የጌታ ሥጋና ደም በእውነት በቅዱስ ቁርባኑ አለ ይላል። ለካህን መናዘዝ አልቀረም ይላል። ቅዳሴን አጥፍተዋል መባላችን ሐሰት ነው፣ ቅዳሴ በእኛ ዘንድ በታላቅ አክብሮት ይፈጸማል ይላል። ታረመ የሚለውም ዝርዝር ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፦ ምእመናን ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ደሙንም ይቀበሉ፣ ካህናት ሚስት ያግቡ። አንድ የገጠር ቄሳችን ከነባለቤቱ እዚያ ተቀምጦ ቢሰማ «ታዲያ ጠቡ ምንድነው?» ማለቱ አይቀርም።

ጠቡ በእርግጥ ነበረ፣ እሱም ጽድቅን የሚመለከት ነበር። ሉተር የሮሜን መልእክት ሲመረምር «የእግዚአብሔር ጽድቅ» ማለት እግዚአብሔር የሚፈርድበት ሳይሆን ለሰው በነፃ የሚያለብሰው ጽድቅ ነው ወደሚል መረዳት ደረሰ፤ ሰውም ይህን የሚቀበለው በእምነት ብቻ ነው፣ ሥራ የዛፉ ፍሬ እንጂ ሥሩ አይደለም አለ። የሮም መልስ የመጣው ከ1545 እስከ 1563 በተካሄደው የትሬንት ጉባኤ ነው። ጉባኤው ጸጋ ቀዳሚ እንደሆነ ተስማማ፤ ነገር ግን ጸጋው ሰውን በውስጡ ይለውጠዋል፣ ሰውም ከጸጋው ጋር ይተባበራል ብሎ «በእምነት ብቻ» የሚለውን አወገዘ። ይኸው ጉባኤ በኢንደልጀንስ ንግድ ላይም እጁን አነሣ፤ በ1567 ፖፕ ፒዮስ 5ኛ በክፍያ የሚሰጠውን ሁሉ ሰረዙ። እንግዲህ ሉተር በ1517 ያቀረበው የመጀመሪያ አቤቱታ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሮም በራሷ ተፈጸመ ማለት ነው። ግን ሉተር ከሞተ ሃያ አንድ ዓመት አልፎት፣ በመሐሉም ደም ፈስሶ ነበር።

ከሮም የተለዩት እርስ በርሳቸው ለመለያየትም አልዘገዩም። በ1525 ዙሪክ ላይ ሕፃናትን ማጥመቅ አይገባም የሚሉት አናባፕቲስቶች ተነሡ፤ ሉተርም ካቶሊኮችም በአንድነት አሳደዷቸው። በ1529 ማርቡርግ ላይ ሉተርና የዙሪኩ ዝዊንግሊ ለመስማማት ተቀመጡ፤ ሉተር «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ቃል በላቲን ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ጻፈና ከዚያ ቃል ንቅንቅ አልልም አለ። ዝዊንግሊ «ነው» ማለት «ያመለክታል» ማለት ነው ሲል እሱ እንቢ አለ። በዚህ ነጥብ ላይ የሉተር ልብ ከስዊዙ ተሐድሶ ሰው ይልቅ ለሮም ይቀርብ ነበር፤ ከእነዚያ ጋር ወይን ከመጠጣት ከፖፑ ጋር ደም ብጠጣ እመርጣለሁ እስከ ማለት ደርሷል። ዛሬ በአገራችን ፕሮቴስታንት የሚባሉት አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት በቁርባን ነገር የዝዊንግሊ ልጆች እንጂ የሉተር ልጆች አይደሉም። ጸረ ማርያም የሚለው ስድብም ቢሆን ሉተር ላይ አይጣበቅም፤ በ1521 የእመቤታችንን ጸሎት፣ «ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች» የሚለውን፣ በፍቅር ተርጉሞ የጻፈ፣ ወላዲተ አምላክ ሲላትም የኖረ ሰው ነው። አማልዱኝ ብሎ መለመንን ግን ተቃውሟል፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኛ በቅርብ የሚነካን አንድ ታሪክ አለ። በ1534 በጋ ላይ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ መጣ። ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ለሳምንታት ስለ እምነት ተነጋገረ። ጁላይ 4 ቀን ሲሸኝ የተሰጠው የምስክር ደብዳቤ ቤተ ክርስቲያኖች በደስታ እንዲቀበሉት የሚያሳስብ ነው፤ እኛ በጌታ እራትና በቅዳሴ የምንጠብቀው ሥርዓት ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ጋር እንደሚስማማ ከእሱ ተረዳን፣ የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አያፈርስም የሚል መንፈስ አለው። ዛሬ ይህን ይዘው ሉተር ተሐድሶውን የተማረው ከኢትዮጵያ ነው የሚሉ አሉ። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ነገር ግን የዘመን ቁጥሩ አይፈቅድም። አንቀጾቹ የ1517፣ የአውግስቡርግ መግለጫ የ1530 ናቸው፣ ዲያቆኑ የመጣው በ1534 ነው። ሚካኤል መምህር ሆኖ ሳይሆን ምስክር ሆኖ ነው የጠቀማቸው፦ ፖፕ የሌላት፣ ቀሳውስቷ የሚያገቡ፣ ምእመናኗ ሥጋውንም ደሙንም የሚቀበሉ፣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መኖሯን በአካል አሳያቸው። ሉተር የእግዚአብሔር ቃል በሕዝብ ቋንቋ ይሁን ብሎ የታገለ ሰው እንደመሆኑ፣ ሕዝባችን በማይናገረው ግእዝ መቀደሳችንን ከዲያቆኑ ሰምቶ ምን እንዳለ ብሰማ እንዴት በወደድኩ።

ያ 1534 ለእኛ ሌላም ነገር አርግዞ ነበር። ዲያቆኑ ዊተንበርግን በለቀቀ በስድስተኛው ሳምንት፣ ኦገስት 15 ቀን፣ ፓሪስ ላይ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላና ስድስት ጓደኞቹ በሞንማርትር ስእለት ተሳሉ፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር የተጸነሰው በዚያ ቀን ነው። ከእነሱ ወገን የሆኑ መምህራን በ1557 ኢትዮጵያ ደረሱ፤ በፔድሮ ፓኤዝ ትጋት ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ፤ አገር በደም ታጠበ፤ በ1632 ንጉሡ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሻለሁ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑ ሲባረሩ፣ ብዙም ሳይቆይ ከሉቤክ የመጣ ፒተር ሃይሊንግ የሚባል ሉተራን ኢትዮጵያ ገባ። ሮም በበሩ ስትወጣ ዊተንበርግ በመስኮት ገባች እንደ ማለት ነው፤ እርግጥ የሃይሊንግ ጉዳይ የአንድ ሰው ጉዳይ ነበር።

እዚህ ላይ ለኦርቶዶክስ አንባቢ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። ከተዋሕዶ በኩል ሆነን ስናይ ሉተራንና ካቶሊክ ተቃራኒ ሳይሆኑ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ኬልቄዶንን ይቀበላሉ፤ የአውግስቡርግ መግለጫ ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ሁለት ባሕርይ የሚናገረው የልዮን ልጅ ሆኖ ነው። ሁለቱም በሃይማኖት ጸሎታቸው መንፈስ ቅዱስ «ከአብና ከወልድ» ይሠርጻል ይላሉ። ሁለቱም የአዳምን በደል የሚረዱት በአውግስጢኖስ መነጽር ነው፤ ሉተር የእሱ ማኅበር መነኩሴ መሆኑን አንርሳ። ጽድቅ በእምነት ብቻ ነው ወይስ በጸጋና በትብብር የሚለው ክርክር ራሱ የምዕራቡ ቤት ክርክር ነው፤ እኛ ዘንድ በዚያ መልኩ ተነሥቶም አያውቅም።

ታዲያ የጋሼ መካነ ኢየሱስ ከየት መጣ? የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች በ1866 ምጽዋ ሲወርዱ ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ ምድር ማለፍ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ሐማሴን አካባቢ ሲቆዩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የጀመሩ የኦርቶዶክስ ካህናት ወደ እነሱ ይመጡ ጀመር። ሚሲዮናውያኑ መጀመሪያ ላይ የነባሯን ቤተ ክርስቲያን መነቃቃት እንጂ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መትከልን አላሰቡም፤ አንባቢዎቹ ግን ከየደብራቸው ተገፉ፣ የተገፋ ሰው ደግሞ የሚቀድስበትና የሚቀበርበት ቦታ ያስፈልገዋል። ከባርነት ነፃ ወጥቶ ምጽዋ ላይ የተማረው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ በ1904 ነቀምቴ ገባ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የቆመችው ግን በ1959 ነው። በ1974 ከጄኔቫው የተሐድሶ መሪ ከካልቪን ወገን የሆኑት የቤቴል ምእመናን ተቀላቀሏት፤ በዚያው ዘመን የጴንጤቆስጤ ንፋስም ነፈሰባት። ዋና ጸሐፊዋ ጉዲና ቱምሳ በ1979 በደርግ ተገደሉ። ዛሬ ምእመናኗ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ በዓለም ላይ ካሉት የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ከትልልቆቹ አንዷ ናት። በ2013 ደግሞ በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ጉዳይ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው ትልቁ የሉተራን ቤት ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች፤ ያጠመቋትን አስተምራ ተለየች።

በዚህ መካከል ሮምና ዊተንበርግ ተቀራርበዋል። ኦክቶበር 31 ቀን 1999 አውግስቡርግ ላይ የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና ቫቲካን ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው በራሱ ዋጋ ሳይሆን በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ ሥራ በማመን ነው ብለው በአንድ ቃል ጻፉ፤ የትሬንት ውግዘትም በዚህ መልኩ የተገለጸውን የሉተራን ትምህርት አይነካም ተባለ። ሁሉም አልተደሰተም፤ ከመቶ የሚበልጡ የጀርመን የሥነ መለኮት መምህራን ልዩነቱ ተድበስብሷል ብለው ተቃውመዋል፣ ነጥባቸውም ባዶ አይደለም። ሆኖም በ2016 ፖፕ ፍራንሲስ በስዊድን ሉንድ ካቴድራል ገብተው ከሉተራኖች ጋር ተሐድሶውን ሲያስቡ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተሰነጠቀው ግድግዳ ያለበትን ሁኔታ ዓለም አየ።

የቀረው ቁርባን ነው፤ ይህ ደግሞ ቀላል አይደለም። ልጃቸው ክርስትና ስትነሳ የጠሩኝ ባልና ሚስት፣ እሱ ሉተራን እሷ ካቶሊክ ናቸው። አንድ እሑድ እዚህ፣ አንድ እሑድ እዚያ ይሄዳሉ። እሱ ጋ ሲሆኑ ሚስቱም ትጋበዛለች፤ እሷ ጋ ሲሆኑ ግን እሱ ወንበሩ ላይ ይቀራል፣ እሷ ተሰልፋ ትቀበላለች። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ነበርኩ። እሷ ከሰልፉ ስትመለስ እንድታልፍ እግሩን ሰብሰብ አደረገላት፤ እሷም ስታልፍ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እኔም ከእሱ ጋር ተቀምጬ ቀረሁ፤ ከኬልቄዶን ወዲህ ለተለየነው ለእኛም ቦታው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ሰዎቹ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሲጠየቁ የካህኑን ሹመት፣ የጳጳሱን ሐረግ፣ የሮምን መንበር ያነሣሉ፤ ሴቶች ካህናት መሾማቸው ደግሞ በኋላ የተጨመረ ነው። ጽድቅ ላይ የተስማሙ ሰዎች ማን ይባርክ የሚለው ላይ ቆመዋል። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ላይፕሲግ ላይ «ሥልጣኑን ትቀበላለህ ወይ?» በሚለው ጥያቄ እንደነበር ሳስብ፣ ብዙም ርቀው አልሄዱም።

ከባውትሰን ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ሆኜ የፍርግርጉን ፎቶ ለጋሼ ላክሁላቸው። ወዲህ ሉተራኖች፣ ወዲያ ካቶሊኮች መሆናቸውን፣ ድሮ ረጅም እንደነበረና ዛሬ ወገብ እንደሚደርስ በድምፅ አስረዳኋቸው። ድሬስደን ልደርስ ስል ደወሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ድምፃቸው ሰልሏል። ስለ ሉተር ይጠይቁኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ወገብ ነው ያልከኝ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ወገብ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «የዚያን ዕለት ካቡ ይህን ያህል ቢሆን ኖሮ፣ እማዬን ሲያወርዷት አያት ነበር» አሉ።